ስለ ነቢያተ እስራኤል ንባብ

በወላይታ ምድር የነቢይ ስም ከሚሰማበት ቀን የማይሰማበት ቀን ያንሳል። በሶዶ ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ ነቢይ የተባለ ሰው የሚያገለግልበት ጉባኤ ሊደረግ ነው በተባለ ጊዜ፣ ሕዝቡ ከቦዲቲና ከአረካ፣ ከሁምቦና ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ካሉት ቀበሌዎች ሁሉ ተነሥቶ ይጎርፋል፤ የሚመጣውም በአብዛኛው የተጨነቀ ሰው ነው። ልጁ ተምሮ ሥራ ያጣበት፣ መሬቱ ለልጆቹ መካፈያ ያነሰበት፣ ሕመሙን ሐኪም ያላወቀለት ሰው ስለ ነገው አንዲት ቃል ሰምቶ ሊጽናና ቢመጣ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ያው ሕዝብ በብብቱ ይዞት በሚመጣው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አራቱ ዐበይት ነቢያትና ዐሥራ ሁለቱ ደቂቀ ነቢያት ተጽፈው ሳሉ፣ ከእነርሱ አንዱን እንኳ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አንብቦ የጨረሰ ምእመን ማግኘት ጭንቅ ነው። በሕይወት ያለውን ነቢይ ለመስማት ረጅም መንገድ የሚሄደው ሰው በቤቱ ያሉትን ነቢያት ሳይሰማ ይኖራል።

በዚህ ጽሑፍ ልናገረው የምወደው ነገር አንድ ነው። ወደ እስራኤል ነቢያት የሚቀርብ ክርስቲያን አስቀድሞ እንደ ተከሰሰ ሰው ሆኖ ሊቀርብ ይገባዋል፤ የተስፋው ወራሽ መሆኑን የሚያውቀው ክሱን እስከ መጨረሻው ከሰማ በኋላ ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን፣ የትኛውም ቤተ ክርስቲያን ልጆች ብንሆን፣ ይህን ሥርዓት ገልብጠነዋል፤ ተስፋውን ለራሳችን ወስደን ክሱን ለጎረቤታችን እናቀብላለን።

ወላይታ ስለ ነቢያት ለመነጋገር የሚገባ ስፍራ መሆኑን ታሪኩ ይመሰክራል። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት አገሩን ከያዘና ካዎ ጦና ከተማረከ በኋላ፣ ሕዝቡ ንጉሡን አጥቶ፣ በገባርነት ቀንበር ሥር ወድቆ፣ በአባቶቹ መናፍስትና በቃልቾች ደጅ መጽናናትን ሲፈልግ በኖረበት በዚያ ዘመን፣ ሚሲዮናውያን ሶዶ ከመድረሳቸው ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፣ ኤሳ ላሌ የተባለ ሰው ከጋሞ ደጋ ተነሣ። ኤሳ ሕዝቡ ለመናፍስት መገበሩን ትቶ ሰማይንና ምድርን የፈጠረውን ጦሳን ብቻ እንዲለምን፣ ከክፋትም እንዲርቅ እያስተማረ በጋሞና በወላይታ፣ በአጎራባቾቹም አገሮች ዞረ፤ ብዙዎችም እየሰሙት የመናፍስቱን ዕቃ ጣሉ። የአገር ገዥዎች ግን እንዲህ ያለ ስብሰባ ወደ ሁከት እንዳይለወጥ ፈርተው አሰሩት፤ እንቅስቃሴውም ቀስ በቀስ በረደ። ከዚያ በኋላ የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ወደ ሶዶ መጥተው ወንጌልን ማስተማር በጀመሩ ጊዜ፣ የኤሳን ቃል ያልረሱ ሽማግሌዎች እርሱን እንደ መንገድ ጠራጊ ቆጠሩት። እኔ ኤሳን ከኢሳይያስና ከኤርምያስ ጋር በአንድ መዝገብ ላስቆጥረው አልደፍርም፤ ነገር ግን ስብከቱ ለእያንዳንዱ ሰው ዕድሉን የመንገር ስብከት እንዳልነበረ፣ ሕዝብን ከሐሰት አምልኮ ወደ አንድ ፈጣሪ የመመለስ ስብከት እንደ ነበረ ማስተዋል ይገባል። ወላይታ በዚያ ዘመን ነቢይ ብሎ የተቀበለው ሰው ያዘዘው መተውንና መመለስን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። የኢጣልያ ወራሪዎች ሚሲዮናውያኑን በ1929 ዓ.ም. ከወላይታ ባስወጧቸው ጊዜ የተጠመቁት ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ፤ ከነጻነት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን 10,000 ያህል አማኞችን አገኙ። በመካከሉ ባለው ጊዜ ዋንዳሮን የመሳሰሉ መሪዎች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል፤ ጸሎት ቤቶችም ፈርሰዋል። እነዚያ ክርስቲያኖች በቋንቋቸው የነበራቸው ጥቂት የወንጌል ክፍል ነበር፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በወላይትኛ የታተመው ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነውና፣ ነቢያትን የሚሰሙት አማርኛ የሚያነብ ሰው ከመካከላቸው ሲገኝ ብቻ ነበር። እንዲህም ሆኖ የኖሩት ኑሮ ኤርምያስ በግዞት ቤት፣ ሚክያስም የይምላ ልጅ በእስር የጸኑበትን ኑሮ ይመስል ነበር። እኛ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ሙሉውን መጽሐፍ በሁለት ቋንቋ ይዘን፣ የምንፈልገውን ቁጥር ከስልካችን እየመረጥን የምናነብ ሆነናል፤ ይህ መምረጥ ነው ጉዳቱን ያመጣው።

ምሳሌውን ከሁሉ በሚታወቀው ቦታ ልፈልግ። በትንቢተ ኤርምያስ በ29ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያሰበው አሳብ የሰላም እንጂ የክፉ እንዳልሆነ የሚናገር ቁጥር አለ፤ ይህም ቁጥር በወላይታ ስንት ቤት ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ፣ በስንት ሠርግና ምረቃ ላይ እንደ ተነበበ ዘመድ ወዳጅ ያለው ሁሉ ያውቃል። ቃሉ እውነተኛ ቃል ነው፤ የሚያጽናናውም በእውነት ነው። ነገር ግን ለማን እንደ ተጻፈና በምን ክርክር መካከል እንደ ተጻፈ ያልመረመረ ሰው፣ ተቃራኒውን ሊያምንበት ይችላል።

ክርክሩ ይህ ነው። ናቡከደነፆር ኢዮአቄም ተብሎ ከሚጠራው ንጉሥ ልጅ ከኢኮንያን ጋር የይሁዳን መኳንንትና ጠራቢዎች፣ የቤተ መቅደሱንም ዕቃ ወደ ባቢሎን ካፈለሰ በኋላ፣ በኢየሩሳሌም የቀረው ሕዝብ ይህ መከራ ቶሎ ያልፋል ወይስ ይረዝማል እያለ ይጨነቅ ነበር። ኤርምያስ በአንገቱ የእንጨት ቀንበር አድርጎ፣ ለባቢሎን ንጉሥ ተገዙ፣ ይህ ከእግዚአብሔር ዘንድ የመጣ ተግሣጽ ነውና ቶሎ አይነሣም እያለ ይናገራል። ከገባዖን የመጣው የዓዙር ልጅ ሐናንያ ግን በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት በቤተ መቅደስ ቆሞ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ዕቃው ሁሉ ይመለሳል፣ ኢኮንያንም ይመለሳል፣ የባቢሎን ቀንበር ይሰበራል ብሎ ትንቢት ተናገረ፤ ከኤርምያስም አንገት ቀንበሩን ወስዶ ሰበረው። አንባቢ ሆይ፣ ሐናንያ የተናገረው በባዕድ አምላክ ስም አልነበረም። የተናገረው በእስራኤል አምላክ ስም ነው፤ የአነጋገሩ ሥርዓት ከኤርምያስ አነጋገር ሥርዓት አይለይም፤ ለአገሩ ተቆርቋሪ ሰው እንደ ነበረም ከቃሉ ይታያል፤ የተናገረውም ሕዝቡ ሌሊትና ቀን የሚመኘውን ነው። ኤርምያስ እንኳ በመጀመሪያ አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ ብሎ መለሰለት፤ ልቡ የሕዝቡን መመለስ ይወድ ነበርና በዚህ መልሱ ውስጥ ሽንገላ የለም። ከዚያም ከእነርሱ አስቀድሞ የነበሩት ነቢያት ስለ ጦርነት፣ ስለ ረሃብና ስለ ቸነፈር እንደ ተናገሩ፣ ሰላምን የሚናገር ነቢይ ግን ቃሉ ሲፈጸም ብቻ እግዚአብሔር እንደ ላከው እንደሚታወቅ አስታውሶ፣ ቀንበሩ ከተሰበረም በኋላ አንዳች ሳይመልስ መንገዱን ሄደ። ይህ ዝምታ ለእኔ ከመጽሐፉ ታላላቅ ቦታዎች አንዱ ነው፤ እውነተኛው ነቢይ ቃል ሳይሰጠው ሊረታ አልፈለገም፤ በሕዝብ ፊት ተዋርዶ መሄድን መረጠ። በኋላ ግን ቃል መጣለት፤ የእንጨቱ ቀንበር በብረት ቀንበር እንደ ተለወጠ ነገረው፤ ሐናንያም በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ።

ወደ ምርኮኞቹ የተላከው ደብዳቤ፣ ማለትም ያ የተወደደው ቁጥር የሚገኝበት ደብዳቤ፣ ከዚህ ክርክር ቀጥሎ ይመጣል። ኤርምያስ በዚህ ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ በምርኮ የተቀመጣችሁበትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እርሱም ጸልዩ፤ ሰባ ዓመት እስኪፈጸም ድረስ አትመለሱምና፣ ቶሎ ትመለሳላችሁ የሚሏችሁንም አትስሙ ብሎ ጻፈላቸው። ይህን ደብዳቤ በ30 ዓመቱ የሰማ ምርኮኛ የሰላሙን አሳብ ፍጻሜ በዐይኑ እንደማያይ፣ በባቢሎን አርጅቶ በባቢሎን እንደሚቀበር ያን ጊዜውኑ አውቋል። ተስፋው የተሰጠው ለሕዝብ ነው፤ የሚፈጸመውም በልጅ ልጅ ነው፤ በመካከሉ ያለው ሥራ ደግሞ መትከልና መገንባት፣ የጠላትን ከተማ እንኳ ሰላም መፈለግ ነው። እንግዲህ በዚህ ዓመት ቪዛ ይወጣልሃል፣ በዚህ ወር ሥራ ታገኛለህ ለሚል ትንቢት ማጽኛ ሆኖ ያ ቁጥር ሲጠቀስ፣ የኤርምያስን ቃል ለሐናንያ ትንቢት ማኅተም ማድረግ ይሆናል። ይህን ስል እግዚአብሔር ለአንድ ሰው ስለ አንድ ጉዳይ አይናገርም ማለቴ አይደለም፤ ሳሙኤል ለሳኦል ስለ ጠፉት አህዮች ነግሮታልና። ነገር ግን አህዮቹ የታሪኩ መግቢያ ናቸው፤ ቅዱሳት መጻሕፍት ነቢይን ነቢይ ያሰኙት በሌላ ነገር ነው።

ሚክያስ ሞሬታዊው በዚህ ላይ ምን እንዳለ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከነቢያት ሁሉ ይልቅ የነቢይነትን ነውር ገልጦ የተናገረ እርሱ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ የሚወቅሳቸው ነቢያት ለጥርሳቸው የሚሆን ነገር ሲያገኙ ሰላምን የሚያውጁ፣ በአፋቸው አንዳች ያላስገባላቸውን ሰው ግን ሊዋጉት የሚነሡ ናቸው፤ አለቆች በጉቦ እንደሚፈርዱ፣ ካህናት በዋጋ እንደሚያስተምሩ፣ ነቢያትም በገንዘብ እንደሚያሟርቱ ዘርዝሮ፣ እነዚህ ሁሉ ሳያፍሩ እግዚአብሔር በመካከላችን ነው ብለው መደገፋቸውን ይገልጣል። ኤልሳዕ የንዕማንን ወርቅና ብር አልቀበልም ብሎ ሲመልስ፣ ግያዝ ተከትሎ ሄዶ ሲቀበል፣ ለምጹ ከንዕማን ወደ ግያዝ ተላለፈ። በዘመናችን ትንቢት የሚነገረው ሰው እጁን ዘርግቶ ሳይሰጥ የማይሄድበት ልማድ በአገራችን ሥር ሲሰድ ማየት ያስለቅሳል፤ የሚሰጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከድኾች መካከል ያሉት ናቸውና፣ ያንዲት ጊደር ዋጋ፣ ያንድ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ እንዲህ ባለው መንገድ ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት ለካህንም ለሽማግሌም አይገባም።

አሞጽ የሚናገረው ደግሞ ከጉባኤው ድንኳን ወጥቶ ወደ ገበያው ነው። በይሁዳ በቴቁሔ በጎችን የሚጠብቅ፣ የሾላ ፍሬ የሚለቅም ሰው ሲሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት በዳግማዊ ኢዮርብዓም ዘመን፣ እስራኤል በሀብትና በድል በተመካችበት ወቅት ወደ ቤቴል ወጥቶ የንጉሡ መቅደስ ካህን ፊት ቆመ። የተናገረውም የዝማሬውን ጩኸት አርቁልኝ የሚል የእግዚአብሔር ቃል ነበር፤ ምክንያቱም የሚዘምሩት ሰዎች ድኻውን በአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ይሸጡታል፤ የሰንበት ቀን እስኪያልፍ እየተቻኮሉ፣ መስፈሪያውን አሳንሰው ሚዛኑን አክብደው፣ የስንዴውን ግርድ እንኳ ለድኻ ይሸጣሉ። ይህን ምዕራፍ በሶዶ ገበያ ቀን በቆሎ በሚሰፈርበት ቦታ ቆሞ ያነበበ ሰው፣ ግርጌው ወደ ውስጥ የተመታ ጣሳ አይቶ የሚያውቅ ሁሉ፣ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጫማ የተባለውንም ቃል ስሰማ፣ ከወላይታ ቀበሌዎች ወጥተው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የሌላውን ሰው ጫማ እየጠረጉ የሚያድጉት ልጆች ይታዩኛል። እነርሱን ማን እንደ ሸጣቸው እኛ ክርስቲያኖች ተሰብስበን ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል፤ እሑድ ዕለት ድምፅ ማጉያችንን ከፍ አድርገን የምንዘምር እኛ ነንና።

የመሬትም ነገር እንዲሁ ነው። ወላይታ በአገራችን ገጠር ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ እንሰቱና ጎዳሬው፣ ቦዬውና ስኳር ድንቹ በየቤቱ ዙሪያ በእጅ መዳፍ በሚያህል መሬት ላይ ይተከላል፤ አባት ሲሞት ያችው መሬት ትከፋፈላለች። በዚህ ጊዜ ባሏ የሞተባት ሴትና አባቱን ያጣ ልጅ ከአጎቶች ጋር በወሰን ሲካሰሱ፣ ድንበሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ለማን እንደሚመሰክሩ፣ ነቢያት እግዚአብሔር የሚያየው ይህንን ነው ይላሉ። ኢሳይያስ ቤትን ከቤት ጋር፣ እርሻንም ከእርሻ ጋር ለሚያያይዙት ወዮ ሲል፣ ኤልያስም በናቡቴ ወይን ቦታ አክዓብን ተቀብሎ ሲወቅሰው፣ የሃይማኖትን ነገር ትተው ወደ ፖለቲካ ገቡ ማለት አይቻልም፤ በኪዳኑ ሕግ ርስት የእግዚአብሔር ስጦታ ነበርና፣ የወንድምን ርስት የነጠቀ ሰው ኪዳኑን አፍርሷል።

ክሱን ለጎረቤት ማቀበል ያልኩት እዚህ ላይ ይታያል። በወላይታ ወንጌላዊው አማኝ ኢሳይያስ በጣዖት ሠሪዎች ላይ የተናገረውን ምዕራፍ ሲያነብ፣ አስቀድሞ የሚታየው የአያቱ መናፍስት አምልኮ፣ ቀጥሎም የኦርቶዶክሱ ጎረቤቱ ሥዕል ነው፤ ኦርቶዶክሱም ስለ ሐሰተኛ ነቢያት የተጻፈውን ሲያነብ የጎረቤቱ ጉባኤ ብቻ ይታየዋል። ከዚህ የከፋው ስሕተት ደግሞ በሰፊው ዓለም ለብዙ መቶ ዓመታት ተሠርቷል፤ ክርስቲያኖች ነቢያት በእስራኤል ላይ የተናገሩትን ወቀሳ ሁሉ በዘመናቸው ባሉት አይሁድ ላይ ጥለው፣ ተስፋውን ሁሉ ለራሳቸው ብቻ ወስደው፣ በዚህም ንባብ ታላቅ ግፍ አጽድቀዋል። ሆሴዕ ከሃዲዪቱን እስራኤልን ሲወቅስ እንደሚወዳት ሰው አልቅሶ ነበር፤ ኤርምያስም ዐይኖቼ የእንባ ምንጭ ቢሆኑ ብሎ የተመኘው ስለሚወቅሳቸው ሰዎች ነበር። ያላለቀሰ ሰው የእነርሱን ቃል አንሥቶ በሌላው ላይ ሊወረውር መብት የለውም።

እንዲህ ካነበብን ክርስቶስ ከነቢያት መካከል ይጠፋል ብሎ የሚፈራ ወንድም ይኖራል። ፍርሃቱን አከብራለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ነቢያትን የምታነብበው ስለ ክርስቶስ ስለ ተናገሩ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ይጾማል፤ ከልደት አስቀድሞ ያሉት ሦስቱ ሰንበታትም ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ተብለው፣ ነቢያት የመጣውን ጌታ ሲጠብቁ ለኖሩበት ናፍቆት የተሰጡ ናቸው። ነገር ግን ያችው ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት መምህራን በአንድምታ ትርጓሜያቸው ነቢዩን ሲተረጕሙ፣ ቃሉ አስቀድሞ በዘመኑ ስለ ማን እንደ ተነገረ ታሪኩን ያወጣሉ፤ ስለ ሕዝቅያስ ወይም ከባቢሎን ስለ መመለስ፣ ስለ ዘሩባቤልም ከተናገሩ በኋላ ነው አንድም ብለው ወደ ክርስቶስ የሚያልፉት። ይህን ትዕግሥት እጅግ አደንቃለሁ፤ በ1916 ዓ.ም. በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ድካም ታትሞ የወጣው የትንቢተ ሕዝቅኤል ትርጓሜም፣ አንድ ነቢይ እንኳ ከትምህርት ቤታችን እንዳይጠፋ ሊቃውንት ምን ያህል እንደ ተጨነቁ ምስክር ነው። በወላይታ ያሉ የወንጌላውያን መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቶች ይህን የአባቶች ሀብት የሌላ ቤት ሀብት ነው ብለው ቢተዉት ራሳቸውን ይጎዳሉ። ደግሞም ጌታችን ራሱ ነቢያትን ያነበበበት መንገድ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ከቀራጮች ጋር ስለ በላ ሲነቅፉት፣ ደቀ መዛሙርቱም በሰንበት እሸት ስለ ቀጠፉ ሲከሱአቸው፣ ሁለት ጊዜ መሥዋዕትን ሳይሆን ምሕረትን ስለሚወድደው አምላክ የሚናገረውን የሆሴዕን ቃል ጠቀሰ፤ በናዝሬት ምኵራብ ለድኾች የምሥራች የሚናገረውን የኢሳይያስን ጥቅልል አንብቦ ሲጨርስ የአገሩ ሰዎች ደስ አላቸው፤ ኤልያስ ወደ ሰራፕታ መበለት፣ ኤልሳዕም ወደ ሶርያዊው ንዕማን እንደ ተላኩ ሲያስታውሳቸው ግን ከገደል ሊጥሉት ወሰዱት። ነቢያትን ወደ ክርስቶስ የሚያነብ ሰው ክሳቸውንም ወደ ክርስቶስ ይዞ ይሄዳል፤ እርሱም ክሱን ያጸናዋል፣ የተከሰሰውንም ይቅር ይላል።

ለእኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ነገር ሁለት አባቶች ተሰጥተውናል፤ ሁለቱም ጃንደረቦች፣ ሁለቱም የቤተ መንግሥት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የህንደኬ በጅሮንድ ነው፤ ወደ ጋዛ በሚወርደው መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ድምፁን አሰምቶ ያነብብ ነበር፤ ፊልጶስም ሲጠይቀው፣ የሚመራው ሰው ከሌለ እንዴት ሊያስተውል እንደሚችል ሳያፍር ተናገረ፤ ቀጥሎም ነቢዩ ይህን የተናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው ብሎ ጠየቀ። የነቢያት ጥናት ሁሉ በዚህ ጥያቄ ይጀምራል፤ ለእኔ ምን አለው ከማለት አስቀድሞ፣ ስለ ማን ተነገረ ማለት ነው። ሁለተኛው አቤሜሌክ ነው። ኤርምያስን መኳንንቱ ጭቃ ባለበት ጕድጓድ ውስጥ በጣሉት ጊዜ፣ ንጉሡ ሴዴቅያስ እንኳ እምቢ ማለት ባልቻለበት ሰዓት፣ ይህ ኢትዮጵያዊ ወደ ንጉሡ ገብቶ እነዚህ ሰዎች ክፉ አድርገዋል ብሎ መሰከረ፤ ፈቃድ ሲያገኝም ሰዎች ይዞ፣ ከግምጃ ቤት በታች ካለው ስፍራ አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ወስዶ፣ ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይቈርጠው ጨርቁን ከሥሩ አድርግ ብሎ አወረደለት። ሊቃውንቶቻችን ከኤርምያስ መጻሕፍት ጋር በሚቈጥሩት በተረፈ ባሮክ ይኸው ሰው የበለስ ቅርጫቱን ይዞ 66 ዓመት እንደ ተኛ፣ የኢየሩሳሌምንም ጥፋት እንዳላየ ይተረካል፤ ለእኔ ግን ከዚያ ታላቅ ተአምር ይልቅ ያ አሮጌ ጨርቅ ይበልጥብኛል። አቤሜሌክ ስለ ነገው ትንቢት እንዲነገረው ነቢዩን አልለመነም፤ ጕድጓድ ውስጥ ያለውን ሰው ብብት አሰበ።

ማጥናት የሚወድ ሰው ከየት ይጀምር የሚል ጥያቄ ቢቀርብልኝ፣ ከአሞጽ ይጀምር እላለሁ፤ ዘጠኝ ምዕራፍ ስለ ሆነ በአንድ ተቀምጦ ያልቃል። ሲያነብም መጽሐፈ ነገሥትን ካልዕ ከአጠገቡ ያኑር፤ ሰማርያ በአሦር እጅ የወደቀችበትን 722 ቅድመ ልደተ ክርስቶስንና ኢየሩሳሌም የፈረሰችበትን 587ን በልቡ ይያዝ፤ የቀረው ከእነዚህ በፊትና በኋላ ይሰለፋል። ብቻውንም አያንብብ። በወላይታ አብያተ ክርስቲያናት ሽማግሌዎች አሉ፤ የሽማግሌነት ሥልጣን ስብሰባ መምራትና ገንዘብ መጠበቅ ብቻ እንዳይሆን፣ የነቢያትን መጻሕፍት በጉባኤ ማስነበብ የእነርሱ ተግባር ሊሆን ይገባል። ይህን የምለው በኤርምያስ በ26ኛው ምዕራፍ ያለውን ታሪክ እያሰብኩ ነው።

በኢዮአቄም መንግሥት መጀመሪያ ኤርምያስ በቤተ መቅደሱ አደባባይ ቆሞ፣ ካልተመለሳችሁ ይህ ቤት እንደ ሴሎ ይሆናል ብሎ በተናገረ ጊዜ፣ ካህናቱና ነቢያቱ ይዘው ሞት ይገባዋል አሉ። ያን ጊዜ ከአገሩ ሽማግሌዎች ሰዎች ተነሥተው፣ ከመቶ ዓመት በፊት በሕዝቅያስ ዘመን የነበረው ሞሬታዊው ሚክያስ፣ ጽዮን እንደ እርሻ ትታረሳለች ብሎ እንደ ተናገረ፣ ሕዝቅያስ ግን እንዳልገደለው፣ እግዚአብሔርንም ፈርቶ እንደ ለመነ፣ የተነገረውም ክፉ ነገር በዘመኑ እንደ ቀረ አስታወሱ። ሚክያስ የተናገረው ጥፋት በዚያ ዘመን አልደረሰም፤ ነነዌም በዮናስ ቃል አልጠፋችም፤ ነገር ግን ሁለቱም ሕዝብን መልሰዋልና እውነተኞች ነቢያት ናቸው። የአንድ ነቢይ ሕይወት የዳነው የሌላውን ነቢይ መጽሐፍ በቃላቸው በያዙ የገጠር ሽማግሌዎች ምስክርነትና በሳፋን ልጅ በአኪቃም እጅ ነው። በዚያው ምዕራፍ የኦርዮ ታሪክ ተጽፏል፤ የቂርያትይዓሪም ሰው የሸማያ ልጅ ነው፤ ኤርምያስ የተናገረውን ያንኑ ቃል ተናግሮ፣ ንጉሡ ሊገድለው በፈለገ ጊዜ ወደ ግብጽ ሸሸ፤ ኢዮአቄምም ሰዎች ልኮ ከግብጽ አስመጣው፣ በሰይፍም ገድሎ ሬሳውን በተራው ሕዝብ መቃብር ጣለው። በኦርዮ ፍርድ ላይ ሚክያስን የጠቀሰ ሽማግሌ እንደ ነበረ መጽሐፉ አይናገርም።